ድንች ይዘው የሚመጡት ደንበኛዬ

ለሁለት ወር ያህል የኮሶዬ ድንች በልቻለሁ፤ ለምን እንደምበላው ሳላውቅ። ቀቅዬ በላሁ፣ ጠብሼ በላሁ፣ እናቴ በወጥ ሠራችው፣ የተረፈውን ለጎረቤት ሰጠን። ድንቹን የሚያመጡልኝ ሽማግሌ ደንበኛዬ ነበሩ። ይመጣሉ፣ ይቀመጣሉ፣ የእናቴን ጤና ይጠይቃሉ፣ ይሄዳሉ። እኔም «እንዴት ያለ ሸጋ ሰው እግዜር ጣለልኝ» እያልኩ እልጣለሁ። አሁን ሳስበው ያ ሁሉ ድንች ጉሮሮዬ ላይ መቆም ነበረበት።

ሥራዬ ለሰዎች ዌብሳይት መሥራት ነው። ጎንደር ፒያሳ፣ ጣሊያን ሠርቶ ከተዋቸው ፎቆች በአንዱ፣ ደረጃው ሲረግጡት የሚያቃስት ቤት ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቻለሁ። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ላፕቶፕ፣ ሁለት ወንበር፤ ሁለተኛው ወንበር የደንበኛ ነው። ቁጡ ነኝ፤ ይህን የሚያውቁኝ ሁሉ ይመሰክራሉ። ከደንበኛ ጋር ስቀመጥ ግን አፌ ቅቤ ይሆን ነበር። «ይቻላል?» ሲሉኝ «ቀላል ነው»፤ «መቼ ያልቃል?» ሲሉኝ «ወዲያው»፤ «ሰው ያየዋል?» ሲሉኝ «ዓለም በሙሉ»። ውሸታም ሆኜ አይደለም። ሰው ከፊቴ ተቀምጦ በተስፋ ዓይን ሲያየኝ «አይ» የምትለዋ ቃል ከጉሮሮዬ አልወጣ ትላለች። እናቴ ይህን ይሉኝታ ትለዋለች፤ እኔ ደግሞ የንግድ ዘዴ እለው ነበር።

ያልኩት ሳይሆን ሲቀር በስልክ የሚጮኹብኝ ደንበኞች ነበሩኝ። እኔም አልተኛላቸውም፣ እጮኻለሁ። ጮኸን ጮኸን ሲበርድልን የእነሱን ሥራ ከሁሉ አስቀድሜ እጨርስላቸዋለሁ። ስለዚህ ያልጮኸ ደንበኛ ሁሉ ደስ ብሎት ዝም ያለ ይመስለኝ ነበር። ይህ የእኔ ሞኝነት ነው፤ የከተማ ልጅ ሞኝነት።

ሽማግሌው መጀመሪያ የመጡት መስከረም ሊያልቅ ሲል ነው። ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ በትራቸውን በሩ ጥግ አስደግፈው፣ ክፍሏን አንድ ዙር ቃኟት።

«ዌብሳይት የምትሠሪው አንቺ ነሽ?»

«አዎ አያ፤ ይቀመጡ።»

«የተማረች ሴት ናት ሲሉኝ ትልቅ ሰው መስላኝ ነበር» አሉና ተቀመጡ።

ከኮሶዬ ነው የመጡት። በደባርቅ መንገድ ዳር ትንሽ ምግብ ቤት አላቸው፤ ከምግብ ቤቱ ጀርባ ደግሞ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ፣ ሦስት የእንግዳ ክፍል ተሠርቷል። አዲስ ነው፤ ገና ማንም አልተኛበትም። ከመስኮቱ ቆላው ሁሉ ቁልቁል ይታያል፤ ጭላዳ ዝንጀሮው በደጅ ሣር እየነጨ ይውላል። «ማኪናው ግን ሽው ብሎ ያልፋል» አሉኝ። «ሰው ዛሬ ማደሪያውን በስልክ ነው አሉ የሚፈልግ። እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«ይህ ያንቺ ነገር እንግዳ ያመጣል?»

አፌ እንደለመደው ቀደመኝ። «ያመጣል እንጂ አያ፤ ይጎርፋል! ለጥምቀት አልጋ ነው የሚያጥርዎት።»

«ካልመጣስ?»

«ኧረ ይመጣል።»

«እሱስ ይምጣ። አይበለውና፣ ካልመጣስ?»

«ምነው አያ፣ ገና ሳንጀምረው ያሟርቱብናል?» ብዬ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

ደግመው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «መንገድ ቢዘጋስ? ይህ ኔትወርክ የምትሉት ቢጠፋስ?» አሉኝ።

«እሱን ለእኔ ይተዉት» አልኳቸው። መንገዱን ለእኔ! እኔ ማን ሆኜ ነው? ከፒያሳ እስከ ቀበሌ ያለው መንገድ ሲዘጋ እንኳ እንደማንኛውም ሰው እቤቴ የምቀመጥ ሴት ነኝ። ኔትወርክ በጠፋ ቁጥር ላፕቶፔን አቅፌ የምቀመጥ ሴት ነኝ። ግን አልኩ፤ ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። በአንድ ወር እንደማስረክባቸው ነገርኳቸው። ደረጃውን ሊወርዱ ሲሉ ደግሞ፣ ዕቃ እንደረሳ ሰው፣ ከኋላቸው «ፎቶ ብቻ ይላኩልኝ!» ብዬ ጮህኩ። «እሺ» አሉ። የምን ፎቶ፣ ስንት ፎቶ፣ ማን ያንሣው፣ በምን ይላክ፤ ከዚህ አንዱንም አልተናገርኩም።

ፎቶ አልመጣም። ድንች መጣ።

ቅዳሜ ገበያ ሲወጡ ጎራ ይላሉ። መጀመሪያ ድንች፤ በሁለተኛው ቅዳሜም ድንች፤ ከዚያ በጉንጉን የተያዘ ነጭ ሽንኩርት፤ ከዚያ በጭድ ተሸፍኖ አንድም ሳይሰበር ከኮሶዬ ያን ሁሉ መንገድ የመጣ እንቁላል፤ ደግሞ ድንች። ይቀመጣሉ። «እናትሽ እንዴት ናት?» «ከተማው ሰላም ነው?» «ብርዱ አልጠናብሽም?» ስለ ሥራው ግን አንዲት ቃል ትንፍሽ አይሉም። አንድ ቀን ላፕቶፔን በጎን አየት አደረጉና «ይህ ማሽን ይደክመዋል እንዴ?» አሉኝ።

«እሱ አይደክመውም አያ፤ እኔ ነኝ የምደክመው።»

«አይዞሽ» አሉ፤ በትራቸውንም ይዘው ወጡ። ያቺ ጥያቄ ምን ያህል ርቃ የመጣች ጥያቄ እንደነበረች የገባኝ ዘግይቶ ነው።

እኔ ፎቶውን እስኪልኩ እየጠበቅሁ ነበር፤ ቢያንስ ለራሴ የምነግረው እንዲያ ነበር። እሳቸው ደግሞ እኔ ካሜራዬን ይዤ እስክመጣ ነበር የሚጠብቁት። ለካ በየሳምንቱ ግቢው ይጠረግ ነበር፤ «ያቺ ልጅ በድንገት ትመጣ ይሆናል» እየተባለ። ይህን እኔ በምን ልወቅ? መደወል እችል ነበር። አንድ ጊዜ መደወል።

ኅዳር እያለቀ፣ የነቢያት ጾም ገብቶ፣ አንድ ረቡዕ ከቅዳሴ ሰዓት በኋላ ከእናቴ ጋር ዳቦ በማር ልንቀምስ ተቀመጥን። ማሩ ነጭ የደጋ ማር ነው፤ ከነሰፈፉ፣ በትንሽ ቅል። እናቴ አንድ ጊዜ አጥቅሳ ቀመሰችና ቅሉን አገላብጣ አየችው።

«ይህን ማን አመጣው?»

«የኮሶዬው ደንበኛዬ። ድንቹን የሚያመጡት። በጣም ደስ ብሏቸዋል በእኔ።»

«ሥራቸውን ጨረስሽላቸው?»

«ገና ነው። አልቸኮሉም እኮ፤ አንድ ቀን እንኳ ጠይቀውኝ አያውቁም።»

እናቴ ዳቦዋን አስቀመጠች። እሷ የድብ ባሕር ገጠር ልጅ ናት፤ ጎንደር የገባችው ተድራ ነው። ሳቅ ይሁን ቁጣ ያልለየለት ፊት አሳየችኝ። «አንቺ ልጅ፣ ሰውየው በየሳምንቱ እየጠየቁሽ ነው።»

«እንዴት?»

«አባቴ ማረሻውን ለብረት ሠሪ ሰጥቶ ሲዘገይበት ‹ማረሻዬን› ብሎ አይጠይቅም ነበር። ባለሙያ አይጨቀጨቅም፣ ነውር ነዋ። ሽንብራ ይዞ ይሄዳል፣ ተጫውቶ ይመለሳል። በሳምንቱ ደግሞ ሌላ ነገር ይዞ ይሄዳል። ብረት ሠሪው ይገባዋል፣ ያፍራል፣ ይሠራል። በቃ፣ እንዲህ ነው የሚጠየቅ።» ቅሉን በጣቷ ነካችው። «ማር ያወጣ ቀን ግን እናቴ ‹ተስፋ ቆረጠ› ትል ነበር። ማር የመጨረሻው ነው። ከማር በኋላ ሰው አይመለስም፤ ማረሻውንም አይጠይቅም። ይተወዋል።»

ማሩን ያመጡት ያለፈው ቅዳሜ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት መናኸሪያ ሄጄ ሚኒባስ ያዝኩ። መንገዱ ሰላም ነበር፤ ሰው ሞልቶ ሳይሆን ታጭቆ ነው የሄድነው። ሽቅብ በወጣን ቁጥር ብርዱ ይጨምራል፤ እኔን ግን ላብ ነበር የሚያጠምቀኝ። ምን እንደምላቸው መንገዱን ሁሉ ሳሰላስል ሄድኩ። ይቅርታ እላለሁ፣ ቤተሰብ ታሞብኝ ነበር እላለሁ፣ ኔትወርክ ጠፍቶ ነበር እላለሁ። የመጨረሻው በግማሽ እውነት ስለነበረ እሱን መረጥኩ።

ኮሶዬ ወረድኩ። ምግብ ቤቱን ለማግኘት መጠየቅ አላስፈለገኝም። ግቢው ተጠርጓል፤ ሦስቱ ክፍሎች ነጭ ተቀብተው ገደሉ አፋፍ ላይ ተደርድረዋል፤ የሦስቱም መስኮት ተከፍቷል። ከማድ ቤት አንዲት ረጅም፣ ጥቁር ሻሽ ያሰረች ሴት ሽሮ የተቀመጠበት ትሪ ይዛ ወጣች። በእድሜ እኔን ታህላለች።

«ማንን ፈልገሽ ነው?»

«አባትሽን መሰለኝ። የዌብሳይቱ ነኝ፣ ከጎንደር።»

ትሪውን ምሳ ሊበላ ለተቀመጠ መንገደኛ አስቀመጠችና እጇን በሽርጧ እየጠረገች ተመለሰች። «አንቺ ነሽ ባለ ጎርፏ?»

መጀመሪያ አልገባኝም። ከዚያ ገባኝ። ይጎርፋል ያልኩትን ነው።

እዚያው ቆማ ነገረችኝ። አራት ዓመት ዐረብ አገር ሰው ቤት ሠርታለች። እነዚህን ሦስት ክፍሎች በዚያ ላብ ነው ያሠራቻቸው፤ የአባቷ አሳብ አልነበረም፣ የእሷ ነበር። ተመልሳ ስትመጣ ለአባቷ አንድ ነገር ተናግራለች፦ እስከ ጥምቀት አያለሁ፤ እንግዳ ከመጣ እኖራለሁ፣ ካልመጣ እመለሳለሁ። ዐረብ አገር የሚልከው ደላላ በየሳምንቱ ይደውላል። እናቷ የሞተችው እሷ እዚያ እያለች ነው፤ ለቀብር አልደረሰችም። አባቷ አሁን ያለ እሷ ማንም የላቸውም። ስለዚህ ነው ሽማግሌው ከተማ ወርደው እኔን የፈለጉት።

«መስከረም ላይ መጥቶ ‹ይጎርፋል ብላለች፤ የተማረች ናት› አለኝ» አለች። «ከዚያን ቀን ጀምሮ በየቀኑ ሦስት አልጋ አነጥፋለሁ። በየቀኑ ማንም ያልተኛበትን አንሶላ አራግፋለሁ። ታውቂያለሽ ይህ ምን እንደሚያደርግ? ሰው ባይመጣ አይደለም የሚያንገበግበኝ። ይመጣል ተብሎ መጠበቁ ነው።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ቁጣ አውቃለሁ፤ ሰው ሲቆጣኝ መልሼ መቆጣት አውቃለሁ። የዚች ሴት ግን ቁጣ አልነበረም፤ እውነት ነበር። ታዲያ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ያው የለመድኩትን። «እህቴ፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁሉንም ጨርሼ፣ ለጥምቀት ቤቱን እንግዳ በእንግዳ…»

«ቆይ ልጄ።» ሽማግሌው ነበሩ፤ ከእርሻ እየመጡ፣ ማጭዳቸውን እንደያዙ። «ደግመሽ ተስፋ አትስጪን። ነይ ተከተይኝ።»

ከቤቱ በላይ ወዳለው ማሳ ወሰዱኝ። ገብሱ ግማሹ ታጭዷል፤ ነዶው በየቦታው ቆሟል። ድንጋይ አሳዩኝና ተቀመጥኩ፤ እሳቸው ቆመው ነበር የሚናገሩት።

«ይህ መሬት የእኔ አይደለም። የአንዲት አቅመ ደካማ ሴትዮ ነው፤ እኔ በእኩል ነው የማርሰው፣ ምርቱን ለሁለት እንካፈላለን። አሥራ ሁለት ዓመት ሆነን። አንድ ቀን ተጣልተን አናውቅም። ለምን ይመስልሻል?»

«ስለሚተማመኑ?»

«መተማመኑማ በኋላ መጣ። መጀመሪያ ቀን ሽማግሌ አስቀምጠን ክፉ ክፉውን ተነጋገርን። በረዶ ቢመታውስ? በሬዬ ቢሞትብኝስ? በአጨዳ ሰዓት ብታመምስ? ዘሩ ሳይበቅል ቢቀርስ፣ የማን ኪሣራ ነው? ሁሉንም አንድ ባንድ ጨረስነው። ምርቱ ካማረ ምን እናደርጋለን ያለ ግን አንድ ሰው አልነበረም። ለደግ ቀን ውል አያሻውም ልጄ። በደግ ቀን ሰው ሁሉ ሸጋ ነው።»

ማጭዳቸውን ነዶ ላይ ሰክተው አጠገቤ ተቀመጡ።

«እኔ አንቺን ደጋግሜ ጠየቅሁሽ። ክፉውን እንድትነግሪኝ ነበር። አንቺ ሟርት አልሽኝ። እኔም ይህች የተማረች ናት፣ የምታውቀው ቢኖራት ነው ብዬ፣ ለልጄ እንዳለ ነገርኳት። አንቺን ብቻ አልወቅስም። እኔም አፍ ነበረኝ፤ ድንች ከማመላልስ በአፌ ብናገር ኖሮ እዚህ አንደርስም ነበር።»

ቢሰድቡኝ ይቀለኝ ነበር። እንባዬ መጣ፤ ጋቢያቸውን አውልቀው ትከሻዬ ላይ ጣሉልኝ፣ በርዷት ነው ብሎ ሰው እንዲያስብልኝ ይመስለኛል። ያቺን ነገራቸውን እስከ ዛሬ አልረሳትም። በሥራዬ ስንት ኮርስ ወስጃለሁ፣ ስንት ቪዲዮ አይቻለሁ፤ ከደንበኛ ጋር እንዴት እንደሚነጋገሩ ያስተማረኝ ግን አንድ የኮሶዬ ገበሬ ነው፣ የገብስ ነዶ መሀል ሆኖ። ባመሰግናቸው አላልቅ ያለ ምስጋና አለብኝ።

ተመልሰን ምግብ ቤቱ ውስጥ ተቀመጥን፤ ሦስታችን፣ በአንድ ጠረጴዛ። ልጅቱ ደብተር አመጣች።

«ሽማግሌ ይፈለግ እንዴ?» አልኩ።

«እኔ ምንድን ነኝ ታዲያ?» አሉ አባትየው። «ተናገሪ። ክፉውን አስቀድመሽ።»

ጀመርኩ። እንዲህ ከባድ ነገር ተናግሬ አላውቅም። ዌብሳይት እንግዳ አያመጣም አልኩ፤ ሊመጣ ያሰበ ሰው የት እንደሚያድር ያሳየዋል እንጂ። መንገድ ቢዘጋ ዌብሳይት መንገድ አይከፍትም። ኔትወርክ ለቀናት ቢጠፋ እኔም እንደናንተው ነኝ፣ እስኪመለስ ከመጠበቅ ሌላ ምንም አልችልም። ፎቶና ስለ ቤቱ የሚጻፈው ካልመጣልኝ ሥራው አይንቀሳቀስም፤ ከመጣልኝ በሁለት ሳምንት ይደርሳል፤ ከሁለት ሳምንት ካለፈ ጥፋቱ የእኔ ነው። ልጅቱ አንገቷን ደፍታ ትጽፋለች። አንድ የቀረ ነገር ነበር። ላለመናገር ውሃ ጠጣሁ፣ ሳልኩ፣ መስኮቱን አየሁ። አባትየው ዓይናቸውን አልነቀሉልኝም።

«እስከ ጥምቀት አንድም ሰው ላይመጣ ይችላል» አልኩ።

እስክሪብቶዋ ቆመ። ቀና ብላ አየችኝ። «ይህን በመስከረም ብትነግሪኝ ኖሮ» አለችና ተወችው። ከዚያ ጻፈችው፤ እንዳልኩት፣ ቃል በቃል።

የእሷ ተራ ሆነ። ስልኳን አውጥታ ሰጠችኝ። ፎቶው ሁሉ እዚያ ነበር፦ ጉሙ ከገደሉ ሲነሣ፣ ጭላዳዎቹ ሣሩ ላይ ተቀምጠው፣ መስኮቱ፣ ብርድ ልብሱ፣ አባቷ ጥርሳቸው እስኪታይ ሲስቁ። እኔ ካሜራ ይዤ ብሄድ ያን የሚያህል አላነሣም ነበር። «ማንም አልጠየቀኝም» አለች። እንግዳ ቢጽፍ የምትመልሰው እሷ መሆኗን ተናገረች፤ እንግሊዝኛውንም ዐረብኛውንም ተምራ ነው የመጣችው። «ክፉው ደግሞ ይኸው፤ ጥምቀት ካለፈ በኋላ ቆዪ ብትሉኝ አልሰማም። አትለምኑኝ።» ይህንንም በገዛ እጇ ጻፈች። አባቷ ያን ጊዜ መሬት መሬት ነበር የሚያዩት።

«አያ፣ የእርስዎስ?» አልኳቸው።

ጉሮሮአቸውን ጠረጉ። «እኔ ከእንግዲህ ነገር ካለኝ በአፌ እናገራለሁ። ድንች አላመላልስም። ጻፊው።»

ልጅቱ ሳቀች። በዚያን ቀን የሳቀችው ያኔ ብቻ ነው።

ሥራውን በሁለት ሳምንት ጨረስኩ። ስለ ክፍሎቹ የሚነበበውን የጻፈችው እሷ ናት፤ የመጀመሪያው መስመር እንዲህ ይላል፦ «ክፍላችን ይበርዳል። ቴሌቪዥን የለም። ሦስት ብርድ ልብስ እንሰጣለን።» ደንግጬ ደወልኩላት፤ ይህን የሚያነብ ማን ይመጣል ብዬ።

«ክፉውን አስቀድሞ አልተባባልንም እንዴ?» አለችኝ። መስመሩን እንዳለ አወጣሁት።

የደብተሯን ወረቀት ገልብጬ ዛሬም ቢሮዬ ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ። አዲስ ደንበኛ ሲመጣ፣ ገና ዋጋ ሳንነጋገር፣ ክፉ ክፉውን አነብለታለሁ። ባለፈው አንዱ ሰምቶኝ ሰምቶኝ «አንቺ ሴት፣ ሥራ የማትፈልጊ ትመስያለሽ» ብሎኛል። ተነሥተው የሄዱም አሉ፤ መንገዱን ጨርቅ ያድርግላቸው። የሚቀሩት ግን አይጮኹብኝም፤ እኔም አልጮኽባቸውም። ቁጣዬ ሁሉ ለባጃጅ ነጂዎች ተርፎልኛል።

ጥምቀት መጣ። ከተማው በነጭ ልብስ ሞላ፤ ታቦቱን አጅቤ ወደ ጥምቀተ ባሕሩ ስወርድ እንኳ ስልኬን ከነጠላዬ ሥር አወጣ አወጣ ነበር። ልጅቱ መልእክት ከደረሳት ወዲያው እንድትጽፍልኝ ተነጋግረናል። ያን ዕለት አልጻፈችም። በማግስቱም አልጻፈችም። ለመደወል አሰብኩ፤ ምን ብዬ? አትለምኑኝ ብላ ጽፋለች። እናቴ ጠላ ልትቀዳልኝ ስትመጣ ፊቴን አይታ ተመለሰች።

ከጥምቀት በኋላ በዋለው ቅዳሜ ደረጃው ሲያቃስት ሰማሁ። አረማመዳቸውን አውቀዋለሁ፤ በትራቸው አንድ ጊዜ፣ እግራቸው ሁለት ጊዜ። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ ያየሁት ከረጢቱን ነው። ከበፊቱ ሁሉ ይበልጣል፤ ሞልቶ፣ አፉ በገመድ ታስሯል። ሰው በአፉ መናገር ሲያቅተው ነው ዕቃ ተሸክሞ የሚመጣ፤ ይህን አሁን አውቃለሁ።

ተቀመጡ። ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «እናትሽ ደኅና ናት?»

«ደኅና ናት። አያ፣ ምነው? ድንች አላመላልስም ብለው አልነበር? ተጽፏል እኮ።»

«ተጽፏል።»

«እንግዳ መጣ?»

«አልመጣም። አንድም።»

እኔም ተቀመጥኩ። የምፈራው ጥያቄ ቀርቷል። ልጠይቀው አልፈለግሁም፤ ግን ይህን ያህል ዳገት ቁልቁለት ወርደው የመጡት እኔ እንድጠይቃቸው መሰለኝ። «እሷስ?» አልኩ።

ከረጢቱን በበትራቸው ነካ አደረጉት።

«ይህን ዛሬ ጠዋት እሷ ናት የቆፈረችው።»

እሳቸው ቀስ ብለው ቀጠሉ። ደላላው በጥምቀት ማግስት ደውሎ ነበር። እሳቸው ማድ ቤት በር ላይ ቆመው ይሰማሉ፤ ቆዪ እንዳይሏት ውሉ አስሯቸዋል። «‹ላይመጣ ይችላል ተብዬ ነበር፤ በእጄ ጽፌዋለሁ› አለችው። ‹አልመጣም። የተባልኩት ነው የሆነው፣ ማንም አላታለለኝም። ይጎርፋል ብለውኝ ቢሆን ኖሮ ዛሬውኑ እሄድልህ ነበር። አሁን ግን እስከ ፋሲካ አያለሁ።› ስልኩን ዘግታ ሄዳ ሦስቱን አልጋ አነጠፈች። እኔ ወደ ጓሮ ዞርኩ፤ ሽማግሌ ሲያለቅስ ማየት ደግ አይደለም።»

ያኔ እኔም ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። ቢሮዬ ውስጥ ጓሮ የለም።

ትንሽ ከተቀመጥን በኋላ ድንቹ ትዝ አለኝ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ እኔም ፈራሁ። «ታዲያ ይህ ሁሉ ድንች አያ፣ ምን ዘግይቶብዎት ነው? የረሳሁት ሥራ አለ?»

በትራቸውን አንሥተው ሊወጡ እየተነሡ ነበር። እንደማይሰማ ልጅ አዩኝ።

«ምንም አልዘገየም። ድንች ነው። ቀቅለሽ ብይ።»

እሳቸው ደረጃውን ወርደው ሳይጨርሱ ቢሮዬን ዘጋሁ። ከረጢቱን ተሸክሜ እቤት ገባሁና ቀቀልኩት፤ ከእናቴ ጋር፣ በአዋዜ፣ ለምን እንደምበላው እያወቅሁ በላሁ።